ድንቁ ሣሩ ነው ወይስ ሕጉ?

ስለ አገራችን አስገራሚ ነገሮች መስማት የማይወድ የለም። እንግዳ ሲመጣ እንቆጥርለታለን፤ እርስ በርሳችን ስንጫወትም እንፎካከርበታለን። ዓመታችን 13 ወር ነው እንላለን። ራስ ዳሸን ከባሕር ወለል በላይ ከ4,500 ሜትር አልፎ ሲቆም፣ ዳሎል ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ወርዶ ይገኛል። ከአፋር ሜዳ የሚቆረጠው ጨው አሞሌ እየተባለ እስከ 20ኛው መቶ ዓመት ድረስ በገንዘብነት ሲያገለግል ኖሯል። ሣር ግጦ የሚያድር ጭላዳ ከእኛ ተራሮች በቀር በየትም አገር የለም። የዓለም ቅርስ መዝገብ እ.ኤ.አ. በ1978 ሲከፈት ከሰፈሩት 12 ሥፍራዎች ሁለቱ፣ ላሊበላና የሰሜን ተራሮች፣ የእኛው ናቸው።

ይህ ሁሉ እውነት ነው። ሀብተ ሥላሴ ታፈሰም «የ13 ወር ፀጋ» የሚለውን መፈክር ለቱሪዝም ሲያወጡ ከሜዳ አልተነሡም። ነገር ግን ድንቅ ድንቁን እየቆጠርን ስንሄድ አንድ ጥያቄ እንዘላለን። ይህ ሁሉ እንዴት ተርፎ እኛ ዘንድ ደረሰ? ተራራው እንኳ ብቻውን ይቆማል እንበል። ሣሩስ? አውሬውስ? ዛፉስ? በሺህ ዓመታት የሚቆጠር እርሻ ባለበት፣ በሬ ተጠምዶ ገደል አፋፍ ድረስ በሚታረስበት አገር፣ አንድ ሜዳ ሳይታረስ ቢገኝ ሳይታረስ እንዲቆይ ያደረገ ሰው አለ ማለት ነው። ያ ሰው ማን ነው? የታሪክ ትምህርት የሚያስፈልገው ለዚህ ይመስለናል።

አስቀድመን የስሙን ጉዳይ እናንሣ። እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ኤድዋርድ ሩፔል የተባለ ጀርመናዊ አገር አሳሽ ወደ ሰሜን ተራሮች ወጣ። ዋልያን፣ ጭላዳንና ቀይ ቀበሮን ለአውሮፓ ሊቃውንት ያስተዋወቀ እሱ ነው። ዛሬ በዓለም ሳይንስ መዝገብ ላይ ጭላዳ «ጌላዳ»፣ ዋልያም «ዋሊ» ተብለው የሚጠሩት ሩፔል ከአገሬው አፍ የሰማውን ስም በላቲን ፊደል ስለ ጻፈው ነው። ቀይ ቀበሮም የሰሜንን ስም ይዞ ተመዘገበ። እንደዚሁም እ.ኤ.አ. በ1908 አይቨር በክስተን የተባለ እንግሊዛዊ አዳኝ በአገራችን ደጋ አንድ ትልቅ አጋዘን ገደለ። በ1910 ሪቻርድ ሊዴከር የተባለው ሊቅ «አዲስ ዝርያ» ብሎ በአዳኙ ስም ሰየመው። ይኸው ደጋ አጋዘን የምንለው ነው። ከአፍሪካ ትላልቅ የዱር እንስሳት ውስጥ በመጨረሻ ከተመዘገቡት አንዱ መሆኑ ብዙ ሰው ያስገርማል።

«ተገኘ» ይላል መጽሐፉ። ለመሆኑ ከማን ጠፍቶ ነው የተገኘው? የባሌና የአርሲ ከብት ጠባቂ በየጠዋቱ ያየው የነበረ እንስሳ ነው! ይህን ስንል የሩፔልን ድካም ለማሳነስ አይደለም፤ ሰውየው ጽፏል፣ ሥሏል፣ ለትውልድ አስተላልፏል። የምንለው ሌላ ነው። የጻፈው ሰው ስሙ ተመዝግቦ ሲቀር፣ እንስሳው እስኪጻፍ ድረስ በሕይወት እንዲቆይ ያደረገው ሕዝብ ግን ስሙ አልተመዘገበም። የታሪኩ ግማሽ ጎድሏል ማለት ነው።

ይህን ጎዶሎ የሚሞላ አንድ ምሳሌ እናንሣ፤ እሱም ብዙ ሩቅ አይደለም። ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ደብረ ብርሃንን አልፎ መንዝ ሲገባ፣ ጓሳ የሚባል ደጋ አለ። ስፋቱ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ከፍታው ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ነው። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ስሙን ያገኘው ከሚበቅልበት ከጓሳ ሣር ነው። ይህ ሣር ለመንዜ ሁሉ ነገሩ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ ድርቅ ሲመጣም የከብት ነፍስ ማትረፊያ ነው። ቁጥቋጦው ማገዶ ነው። በዚያ ብርድ አገር ማገዶ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ደጋ ያደገ ያውቀዋል።

በዚህ ሜዳ ላይ የሚታየው ነገርም ጉድ ነው። ጭላዳ በመቶዎች ሆኖ ቁጭ ብሎ ሣሩን በጣቱ እየነቀለ ሲበላ፣ ቀይ ቀበሮ በመካከሉ እየተንጎራደደ ያልፋል። ጭላዳው አይሸሽም፤ ቀበሮውም ግልገሉን አይነካም። ቀበሮው የሚፈልገው አይጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ቀበሮው በጭላዳ መንጋ መካከል ሆኖ ሲያድን ከ100 ሙከራ 67ቱ ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲሆን ግን 25ቱ ብቻ። የዚህ ቀበሮ ዐዋቂዎች በዓለም ላይ ከ500 አይበልጡም ተብሎ ይገመታል፤ ሁሉም በኢትዮጵያ ነው ያሉት። እንግዲህ ይህን ትዕይንት ለማየት ሰው ከባሕር ማዶ አውሮፕላን ተሳፍሮ ይመጣል።

እኛን ይበልጥ የሚያስገርመን ግን ሣሩ ሳይታረስ መቆየቱ ነው። የአገሬው ትውፊት ነገሩን ወደ 17ኛው መቶ ዓመት ያደርሰዋል። አስቦና ጌራ የተባሉ ሁለት አቅኚ አባቶች አገሩን ተካፍለው ጓሳን ለከብት ግጦሽና ለሣር ከለሉት ይባላል። ከዚያ ወዲህ ሜዳው ቄሮ በሚባል ሥርዓት ይተዳደር ነበር። ባለ መብቶቹ ተሰብስበው በየወገናቸው አለቃ ይመርጣሉ። አለቃው ሣሩ ደርሷል አልደረሰም ብሎ ያያል፤ ከሽማግሌዎች ጋር ይመክራል። ሜዳው እስከ 3 ዓመት፣ አንዳንዴም እስከ 5 ዓመት ተዘግቶ የሚቆይበት ጊዜ ነበር። ሲከፈት ቀኑ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍና በገበያ ይነገራል። የሚከፈተው በበጋ ነው፤ ክረምቱ ሲገባ፣ የሐዋርያት ጾም በሚፈታበት ሰሞን፣ ከብቱ ሁሉ መውጣት አለበት። ሣሩ እንደገና ዘር ይጥላል፣ ያቆጠቁጣል።

ጥበቃውም የጋራ ነበር። እያንዳንዱ ቤተሰብ ተራውን ጠብቆ ሰው ይልካል። ተደብቆ ያጨደ ሰው ሲያዝ ቅጣቱ የዋዛ አልነበረም፤ በተሰረቀ ሣር የተከደነ ቤት እስከ መቃጠል ይደርስ ነበር። በዚያ ላይ የታቦቱ ግዝት አለ። ደመወዝተኛ ዘበኛ የለ፣ የሽቦ አጥር የለ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ማኅተም የለ። እንዲህ ሆኖ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1872 አሜሪካውያን የሎውስቶን የተባለውን ሥፍራ ሲከልሉ በዓለም የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ ተጻፈ፤ በዚያን ጊዜ የመንዝ ገበሬ ጓሳን ሲዘጋና ሲከፍት ብዙ ትውልድ አሳልፎ ነበር።

እዚህ ላይ ግን ቆም ማለት ያስፈልጋል። ያለፈውን ሁሉ ማር አድርጎ መጻፍ ታሪክ አይደለም፤ ውዳሴ ነው። ቄሮ የሁሉ አልነበረም። መብቱ የተመሠረተው በአጽመ ርስት ነው። የዘር ሐረጉን ቆጥሮ ወደ አስቦ ወይም ወደ ጌራ መድረስ የቻለ ሣር አለው፤ ያልቻለ የለውም። እደ ጥበበኛው፣ ከሌላ የመጣው፣ ዘር መቁጠር ያቃተው፣ የሰው ሣር ከሩቅ ያያል። ሜዳው ለቀበሮው ክፍት ሆኖ ለጎረቤት ሰው ዝግ ነበር ማለት ነው። ይህን ሳንናገር ጓሳን ብናሞግስ እውነቱን ግማሽ አድርገነዋል።

ከዚያ 1967 ዓ.ም. መጣ። ከአሥር ዓመት በፊት፣ በየካቲት 1957 ዓ.ም.፣ እንደ እኛው ደብተር የያዙ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» እያሉ አደባባይ ወጥተው ነበር። ጥያቄያቸው ትክክል ነበር፤ የደቡብ ጭሰኛ ያመረተውን እህል ለባለ መሬት እየሰፈረ ልጆቹን በጦም ሲያሳድር ዝም ማለት አይቻልም ነበርና። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ነው ብሎ አወጀ። ጭሰኝነት በአንድ ቀን ቀረ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ማንም ሊያሳንሰው አይገባም።

ነገር ግን ጭሰኛ የበዛበት የደቡብ ሁኔታና የርስተኛው የመንዝ ሁኔታ አንድ አልነበረም። አዋጁ ግን አንድ ነበር። ርስት ሲሻር በርስት ላይ የቆመው ቄሮም አብሮ ተሻረ። አለቃው ሥልጣኑ ቀረ፤ ሥልጣኑ ወደ ገበሬ ማኅበር ሄደ። ቀድሞ ተከልክሎ የኖረው ሰው «ዛሬ የእኔም ነው» ብሎ ገባ፤ መብቱም ነው። ግን መዝጊያና መክፈቻ ቀን የሚቆርጥ ጠፋ። ሣሩ ያለ ጊዜው ታጨደ፤ ከብቱ ያለ ወራቱ ገባ። የሁሉም የሆነው ሜዳ ቀስ በቀስ ጠባቂ የሌለው ሜዳ መሰለ። ፍትሕ የጎደለው ሕግ ሲፈርስ፣ በውስጡ የነበረው ደግ ነገርም አብሮ ፈረሰ።

እኛን የሚነካን እዚህ ላይ ነው። «መሬት ላራሹ» ያለው ተማሪ ጥፋተኛ ነው አንልም፤ ርስተኛው ብቻ ይጠቀም የነበረበት ዘመን ይመለስም አንልም። የምንለው፣ አንድን ሥርዓት ከማፍረስ በፊት ውስጡን መመርመር ያስፈልጋል ነው። ከቄሮ ውስጥ የዘር ቆጠራውን አውጥቶ የመዝጊያ ቀኑን ማትረፍ አይቻልም ነበር ወይ? የሚቻል መሆኑን ኋላ የጓሳ ሰዎች ራሳቸው አሳይተዋል። ከደርግ መውደቅ በኋላ ሜዳው በማኅበረሰቡ የሚጠበቅ ሥፍራ ሆኖ እንደገና ተደራጀ፤ ከየቀበሌው ሽማግሌ፣ የሃይማኖት አባት፣ ሴቶችና ወጣቶች ያሉበት ምክር ቤት ተቋቋመ፤ የአማራ ክልል መንግሥትም በሕግ ዕውቅና ሰጠው። መዝጋትና መክፈቱ ተመለሰ፤ ዘር መቁጠሩ ቀረ። ከቀድሞው ይልቅ ሰፊ ደጅ ያለው ሥርዓት ነው።

ከዚህ ጋር የሰሜን ተራሮችን ታሪክ ብናስተያይ ነገሩ ይበልጥ ይገባናል። እዚያ ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1969 በመንግሥት አዋጅ ተከለለ። በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ ከዚያ የወጣው በ2017 ነው። ከመውጣቱ በፊት፣ በ2016፣ የግጭ መንደር ነዋሪዎች ቀያቸውን ለቀው ደባርቅ እንዲሰፍሩ ተደርጓል። ሣሩ አገግሞ ይሆናል፤ ዋልያውም ፋታ አግኝቶ ይሆናል። ነገር ግን ያ ገበሬ አያቱ ከዋልያ ጋር የኖረ ሰው ነው። በአንደኛው ደጋ ሰው ጠባቂ ነው፤ በሌላኛው ደጋ ሰው ራሱ ችግር ተብሎ ተቆጠረ። ልዩነቱ ከአየሩ ወይም ከአፈሩ የመጣ አይደለም። ሕጉን ማን አወጣው ከሚለው ጥያቄ የመጣ ነው።

ጓሳ ብቻውን ነው ደግሞ እንዳይባል፣ የደብር ዛፎችን አስቡ። ጎንደርና ጎጃም ላይ ከአየር ሆኖ ቁልቁል የሚያይ ሰው፣ በታረሰ ማሳ መካከል ክብ ክብ አረንጓዴ ነጠብጣብ ያያል። በእያንዳንዱ ነጠብጣብ መሐል አንድ ቤተ ክርስቲያን አለ። በዙሪያው ያለው ደን ሲመነጠር ያ ቅጽር የተረፈው፣ የታቦቱ ግቢ ነው ተብሎ ምሣር ስላልገባበት ነው። ወይራው፣ ጽዱ፣ ኮሶው እዚያ አለ፤ ወፉም እዚያ ነው። የዛሬ የደን ተመራማሪ አገር በቀል ዘር ሲፈልግ የሚሄደው ወደዚያው ነው።

ስለዚህ አገራችን ምን ድንቅ አላት ለሚለን ሰው ከዋልያውና ከጭላዳው ጋር አንድ ነገር ጨምረን እንንገረው። ሣርን በቀጠሮ የሚዘጋና የሚከፍት ሕዝብ አለን እንበለው። የሕጉንም ጉድለት አንደብቀው። የታሪክ ተማሪ የሆንን ደግሞ ሌላ ሥራ አለብን። በየወረዳችን፣ በየቀያችን፣ ጓሳን የመሰለ ያልተጻፈ ሕግ ስንት አለ? የምንጭ ውኃ ተራ የሚያስጠብቅ፣ የግጦሽ ዳር የሚያካልል፣ አንዱን ዛፍ የማያስቆርጥ? የሚያውቁት ሽማግሌዎች ዛሬ አሉ፤ ነገ ላይኖሩ ይችላሉ። ለእረፍት ወደየቤታችን ስንሄድ ደብተርና እርሳስ ይዘን እንሂድ፤ ቁጭ ብለን እንጠይቃቸው። ማን ተጠቀመ፣ ማን ተከለከለ የሚለውንም ሳንረሳ እንጻፍ። ያ ካልተጻፈ በሚቀጥለው አዋጅ ምን እንደሚጠፋ እንኳ ሳናውቅ ይጠፋል።