ግብር፥ መለኪያና መልስ

ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው አዲስ ቅዳም በዘውዱ ዘመን በጎጃም ጠቅላይ ግዛት፥ በአገው ምድር አውራጃ ትተዳደር ነበር። የመንግሥት ገቢና ወጪ የሚወሰነው ግን ከዚያ እጅግ ርቆ በአዲስ አበባ ነበር። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የዓመቱ በጀት ለፓርላማ ቀርቦ እንዲጸድቅ ደነገገ፤ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት እንደራሴዎችም በ1950 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በሕዝብ ድምፅ ተመረጡ።

ይልማ ዴሬሳ የገንዘብ ሚኒስትር በነበሩበት ጊዜ መንግሥት ያቀረበው የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ረቂቅ በምክር ቤቱ ብርቱ ክርክር ካስነሣ በኋላ በ1960 ዓ.ም. ታወጀ፤ አሥራትም ቀረ። ክርክሩ በአዳራሹ ቢያበቃም በገጠር ገና መጀመሩ ነበር። የሰብል ገማቾች መምጣት ለጎጃም ባለርስት የመሬት መለካት፥ ኋላም የርስት መነጠቅ መቅድም ሆኖ ታየው። ለቀያሽ ሰንሰለት የርዝመት መለኪያ ነው፤ ለገበሬው ግን የአባቶቹን ርስት የሚፈታተን ነበር። በዚያው ዓመት ዐመፅ ተነሣ፤ ጦር ቢዘምትም ግብሩ ሊሰበሰብ አልቻለም፤ አገረ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴም ከሥልጣናቸው ተነሡ።

በ1987ቱ ሕገ መንግሥት መሠረት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ባለሥልጣናትን ጠርቶ የመጠየቅ ሥልጣን አለው። ለ2018 የበጀት ዓመት ያጸደቀው የፌዴራል በጀት 1.93 ትሪሊዮን ብር ነው። ከዚህ ገንዘብ ስንቱ ለደመወዝ፥ ስንቱ ለመንገድ፥ ስንቱ ለወጣቱ የሥራ ዕድል እንደሚውል ሚኒስቴሩ የሚሰጠው መልስ ከአዳራሹ አልፎ ለአዲስ ቅዳም ገበያተኛ ሊደርሰው ይገባል፤ በ1960 ዓ.ም. የጎደለው ይኸው ነበርና።