በጌዴኦ ጫካ ስለ መንሸራሸር

ሽርሽር በተባለ ጊዜ ብዙዎቻችን የምናስበው እንደ አዋሽ ወይም እንደ ነጭ ሣር ያለውን የተከለለ ፓርክ ነው፡፡ ከዲላ ወደ ወናጎና ወደ ይርጋ ጨፌ የሚወጣ መንገደኛም ጫካ ያየ ይመስለዋል፤ ያየው ግን የሰው ጓሮ ነው፡፡ ዋንዛውና ብርብራው ከላይ ጥላ ይሰጣሉ፤ ከሥራቸው እንሰት፣ በእንሰቱም መካከል ቡና ይበቅላል፡፡ ይኸው አገር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ተጻፈ፡፡ እስከዚያ ድረስ ያቆዩት ገበሬዎቹና ሶንጎ የተባለው የሽማግሎች ሸንጎ ናቸው፡፡

እኛም የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ባንድ ቅዳሜ ቱቱ ፈላ የተባለውን ስፍራ ለማየት በወናጎ በኩል ወጣን፡፡ በዚያ ሦስት መቶ ያህል የተጠረቡ ድንጋዮች ይገኛሉ፡፡ ስለዚህ አገር ድንጋዮች ቀድመው ከጻፉት አንዱ ፈረንሳዊው ሚስዮናዊ አባ አዛኢስ ሲሆኑ፣ ከሻምባር ጋራ ያዘጋጁት መጽሐፍ በፓሪስ የታተመው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1931 ነው፡፡ አንድ መነኵሴ ድንጋይ ሲለካ መዋሉ ለእኛ ለሚስዮን ተማሪዎች ሳያስቀን አልቀረም፡፡ ኋላም በ1990ዎቹ ሮዤ ዡሶም የተባሉ ተመራማሪ ቢያስቈፍሩ ከሥሩ መቃብር ተገኘ፡፡ ይልቁንም የሚያስደንቀው፣ ቀድሞ የቆሙትን ድንጋዮች በኋላ የመጡ ሰዎች እንደ ገና ጠርበው የሰው መልክ ያበጁባቸው መሆኑ ነው፡፡ በ2021 የወጣ ጥናት ደግሞ ሳካሮ ሶዶ በተባለው ስፍራ ያሉትን ወደ መጀመሪያው ምዕት ዓመት አድርሷቸዋል፤ ይህም ቀድሞ ከተገመተው በአንድ ሺህ ዓመት ያህል ይበልጣል፡፡

ይህን ሁሉ አንብበን ነበር፡፡ ነገር ግን እግራችን ቢደክም ከወደቁት ድንጋዮች ባንዱ ላይ ተቀምጠን ምሳችንን ፈታን፡፡ አንድ ሽማግሌ ከእንሰቱ መካከል ብቅ አሉና፣ «ልጆቼ፣ በመቃብር ላይ እንጀራ ይበላልን?» አሉን፡፡ አፍረን ተነሣን፡፡

«አባባ፣ ይቅር ይበሉን፤ ሳናውቅ ነው» ብንላቸው አልተቈጡም፤ እርግጥ ሳናውቅ አልነበረም፡፡ የመጣንበት ቀጭን መንገድ የሳቸው ማሳ ኖሯል፤ ስንመጣ የቡናውን ቅርንጫፍ በትከሻችን እየገፋን ነበር ያለፍነው፡፡ በመመለሻችን ከፊት እየመሩ፣ ቅርንጫፉ ዝቅ ባለበት ሁሉ ጐንበስ ሲሉ እኛም ጐንበስ አልን፡፡ ከደጃቸው ሲደርሱ የእንሰት ቅጠል ቈርጠው ከዋንዛው ሥር አነጠፉልን፤ ምሳችንንም በዚያ በላን፡፡