መውቀር፣ መቅረጽ፣ መንቀስ፦ የእናቶቻችን ስም የት ተጻፈ?



በመጪው ጠቅላላ ጉባኤ ከሚቀርቡት አጀንዳዎች አንዱ በአዲሱ ወፍጮ ቤታችን በር ላይ የሚቆመው የዕብነ በረድ ጽሑፍ ነው። ዋጋውን አጣርተን እንድናቀርብ የታዘዝነው እኛ የሒሳብ ክፍል ሠራተኞች ነን። ባለሙያው የሚያስከፍለው በፊደል ቁጥር መሆኑን ስለነገረን ረቂቁን ይዘን ፊደል መቁጠር ጀመርን። የማኅበሩ ስም አለ፤ የረዱን ድርጅቶች ስም አለ፤ ቤቱን የሚመርቁት የክብር እንግዳ ስም አለ፤ ቀኑም አለ። ከጥሪታቸው እየቆነጠሩ በየሳምንቱ መዋጮ እያመጡ ማኅበሩን ያቆሙት እናቶች ስም ግን የለም።

ቆጠራውን ትተን መነጋገር የጀመርነው እዚህ ላይ ነው። ድንጋይ ላይ ስለመጻፍ ስናወራ፣ በየቀኑ የምንጠቀምባቸው ቃላት ራሳቸው ታሪክ እንደያዙ አስተዋልን። ያገኘነውን ልናካፍላችሁ ወደድን።

መጀመሪያ የመጣልን ቃል «ወቀረ» ነው። ላሊበላን የምናውቀው በውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ ነው። አሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርድሮ የተገነቡ አይደሉም፤ ዐለቱ ራሱ እየተጠረበና እየተፈለፈለ የወጡ ናቸው። ቤተ ጊዮርጊስን ያየ ሰው ይህን ያውቃል፤ ጣሪያው ከመሬቱ እኩል ነው፣ ወደ በሩ ለመድረስ ወደ ታች መውረድ ያስፈልጋል። ግንበኛ ቢሳሳት ድንጋዩን አንሥቶ ሌላ ያስቀምጣል። ወቃሪ ግን የቆረጠውን መልሶ አይቀጥለውም። ዩኔስኮ እነዚህን አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል።

ይኸው ቃል በእናቶቻችን ጓዳም ነበረ። ወፍጮ ይወቀራል። እህል በእጅ በሚፈጭበት ቤት ሁሉ የወፍጮው ፊት ከመጁ ጋር ሲፋተግ ውሎ ይለሰልሳል። የለሰለሰ ወፍጮ እህሉን ያንሸራትታል እንጂ አያደቅም። ስለዚህ ሴቲቱ በጠንካራ ድንጋይ ወይም በብረት ፊቱን ነጥብ በነጥብ እየመታች ታሻክረዋለች። መውቀር ማለት ይህ ነው። ከአባሎቻችን መካከል በልጅነታቸው ወፍጮ የወቀሩ አሉ። ፍንጣሪው ዐይናቸው እንዳይገባ ፊታቸውን ዘወር ያደርጉ እንደነበር፣ ወፍጮው ከተወቀረ በኋላ የሚወጣው የመጀመሪያ ዱቄት አሸዋ ስለሚኖረው እንደማይበላ አጫውተውናል።

የላሊበላው ውቅር ስምንት መቶ ዓመት ገደማ ቆሟል። የወፍጮው ውቅር ጥቂት ሰንብቶ ያልቃል፤ ቤተሰቡ ጠግቦ የሚያድረው ውቅሩ ሲያልቅ ነው። ቋንቋችን ግን ለንጉሥ ሥራና ለሴት ሥራ ሁለት ቃል አላበጀም፤ ግሡ አንድ ነው። የተለያዩት በስም ነው። በላሊበላም ቢሆን የሴት ስም ፈጽሞ አልጠፋም። ቤተ አባ ሊባኖስን ያሠሩት የንጉሡ ባለቤት መስቀል ክብራ እንደሆኑ በትውፊት ይነገራል። እሳቸው ግን ንግሥት ነበሩ። ወፍጮ ወቅራ ቤተሰቧን ያበላችውን ሴት በስም የሚጠራት የለም።

ሁለተኛው ቃል «ቀረጸ» ለእኛ ሙያ የቀረበ ነው። ቅርጽ፣ ቀራጺ፣ የልጆች እርሳስ መቅረጫ፣ የድምፅ ቀረጻ፣ ከአጋሮቻችን ጋር የምንቀርጸው ፕሮጀክት ሳይቀር ከዚህ ግሥ የወጡ ናቸው። በግዕዝ «ጸ» ያለበት ቃል በአማርኛ ብዙ ጊዜ ወደ «ጠ» ይለወጣል፤ ጸጉር ጠጉር እንደሚባለው ማለት ነው። «ቀረጸ» ወደ «ቀረጠ» ሲለወጥ ደግሞ ቀረጥንና ቀራጭን እናገኛለን። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ማቴዎስ «ቀራጭ» የተባለው ግብር ሰብሳቢ ስለነበረ ነው። ሐውልት የሚቀርጽና ግብር የሚሰበስብ በቃል ዘመዳሞች ናቸው ማለት ነው።

በሥራም ዘመድነት አላቸው። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነገሠው የአክሱም ንጉሥ ኢዛና በድንጋይ ላይ ያስቀረጻቸው ጽሑፎች የድል ዜና ብቻ አይደሉም፤ የሒሳብ መዝገብም ናቸው። የተገደሉት፣ የተማረኩት፣ የተነዱት ከብቶችና በጎች በቁጥር ተዘርዝረዋል። ሴቶችና ሕፃናትም ተቆጥረዋል። የንጉሡ ስም፣ የአባቱ ስምና የገዛቸው አገሮች ስም አለ፤ ሴቶቹ ግን ቁጥር ብቻ ናቸው። እኛም የቁጥር ሰዎች ስለሆንን ይህ አስደንግጦናል። ስም የሌለበት ቁጥር ሒሳቡ ልክ ሊሆን ይችላል፤ ሰውዬዋን ግን አይነግረንም።

ሦስተኛው ቃል «ነቀሰ» ነው። ይህኛው ድንጋይ አይፈልግም፤ የሚጻፈው በሴቶች አካል ላይ ነው። አንገት ላይ በመደዳ፣ ግንባር ላይ በመስቀል ቅርጽ፣ ድድ ላይም እንዲጠቁር ይነቀሳል። ጥላሸቱን በመርፌ ወይም በእሾህ ወደ ቆዳ ማስገባት የሴቶች ሙያ ነበር። ነቃሿ ንድፍ ታውቃለች፣ ልኩን ትጠብቃለች፣ እጇ አይንቀጠቀጥም። የገባ እሾህ ማውጣትም መንቀስ ይባላል፤ አንዱ ግሥ ማስገባትንም ማውጣትንም ይዟል። ዛሬ ብዙ ወጣቶች ንቅሳትን አይወዱትም፣ የጋራ መርፌም በሽታ እንደሚያስተላልፍ ሁላችንም ተምረናል። ሙያውን ግን ሙያ ማለት ተገቢ ነው።

የሴት ስም ወይም ምስል በብረት ላይ የተቀረጸበት ጊዜም አለ። እቴጌ ጣይቱ የራሳቸው ማኅተም ነበራቸው። አያቶቻችን ጠገራ ብር በሚሉት ገንዘብ ላይ ያለችው ደግሞ የኦስትሪያዋ ገዥ ማሪያ ቴሬዛ ናት። እሷ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ብሩ በተመታ ቁጥር የሚቀረጽበት ዓመት ያው 1780 ነው። አያቶቻችን ይህን ብር በመቀነታቸው ቋጥረው ገበያ ወጥተዋል፣ አቅልጠው መስቀልና ጌጥ አሠርተውበታል። የባዕድ አገር ሴት ፊት በእጃቸው ሲመላለስ የእነሱ ስም በየትም ቦታ አልሰፈረም።

አሁን ወደ ራሳችን መዝገብ እንመለስ። «ፊርማ» ከጣሊያንኛ የመጣ ቃል ነው። መጻፍ የማይችሉ እናቶቻችን በፊርማ ፈንታ የአውራ ጣታቸውን አሻራ ያኖራሉ። በቅርቡ የወሩን ቁጠባ ስንቀበል አንዲት መሥራች እናት ጣታቸውን በቀለሙ ነክተው ካኖሩ በኋላ ቀና ብለው አዩንና፣

«ልጄ፣ እኔ ስም የለኝም እንዴ? በየወሩ ይቺን ሰማያዊ ነጥብ አስቀምጬ እሄዳለሁ» አሉ።

«አለዎት እማማ፤ ከአሻራዎ ጎን ጽፈነዋል» አልናቸው።

«እናንተ የጻፋችሁትን ማን ያየዋል? ሣጥን ውስጥ ነው የሚቆለፈው።»

መልስ አልነበረንም። መዝገቡ በእርግጥ ይቆለፋል፤ የሰው ገንዘብ ነውና መቆለፍም አለበት። በር ላይ የሚቆመው ድንጋይ ግን አይቆለፍም።

ስለዚህ ለጉባኤው የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። በዕብነ በረዱ ላይ የመሥራች እናቶች ስም በሙሉ ይቀረጽ። አጋሮቻችን፣ የእናንተ ስም ይውጣ አላልንም፤ ያለ እናንተ ድጋፍ ሞተሩ አይገዛም ነበር። ነገር ግን ድጋፋችሁን የተቀበለው ባዶ ቦታ አልነበረም፤ እናቶቻችን ያቆሙት ማኅበር ነበር። ሒሳቡንም ሠርተናል። የማዕረግ ስሞችንና ረጃጅም የምስጋና ቃላትን ካሳጠርን፣ የሚጨመረው ወጪ ለምረቃው ቀን ለዳቦና ለለስላሳ ከተያዘው ያነሰ ነው። አዲሱ ወፍጮ በኤሌክትሪክ ይሠራል፤ ከእንግዲህ ልጆቻችን ወፍጮ መውቀር አይጠበቅባቸውም። ከእነሱ በፊት የወቀሩትን ግን በስማቸው ሊያውቋቸው ይገባል።

ጉባኤው ከተስማማ አንድ ሥራ ይቀረናል። በደረሰኝ ላይ ስርዝ ድልዝ እንደማንቀበል ታውቃላችሁ። ድንጋይ ከእኛ ይብሳል፤ አንድ ፊደል ከተሳሳተ ተሳሳተ ነው። ስለዚህ መሥራች እናቶች፣ ወይም በሕይወት ለሌሉት ልጆቻቸው፣ ከጉባኤው በፊት ወደ ሒሳብ ክፍል ብቅ በሉ። ስማችሁን ከእነ አባታችሁ እናንብብላችሁ፤ ልክ መሆኑን አረጋግጡልን። በንጉሡ ሠ ይሁን በእሳቱ ሰ፣ ሐመሩ ሐ ይሁን በሃሌታው ሀ፣ ሳይቀረጽ በፊት እንነጋገርበት።