ሁሉ ያየው፣ ጥቂቶች ያወቁት ተዋናይ

ሲኒማ አይቶ የሚወጣ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ሲሄድ በአፉ የሚያነሣው የዋናውን ባለ ታሪክ ስም ነው። ጀግናው እንዴት እንደ ፎከረ፣ ወይዘሮዋም እንዴት እንዳለቀሰች ለጓደኛው ይተርካል። በቤተ መንግሥቱ በር ላይ የቆመው ዘበኛ፣ ሠረገላውን የነዳው አሽከር፣ ጦሩን ይዞ ከጫካው ብቅ ያለው የነገድ አለቃ ማን ነበር ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። ሆኖም እነዚህ ሰዎች ባይኖሩ ጀግናው ከማን ጋር በተዋጋ፣ ንጉሡስ በማን ላይ በነገሠ ነበር? ዛሬ ለአንባብያን የምናቀርበው ታሪክ፣ ፊቱን ዓለም ሁሉ አይቶት ስሙን ግን ጥቂቶች ብቻ የያዙለትን የአንዱን እንዲህ ያለ ሰው ታሪክ ነው።

ይህ ሰው ኖብል ጆንሰን ይባላል። በጥንቱ ሆሊውድ ከ1915 እስከ 1950 ዓ.ም. ድረስ በ35 ዓመት ውስጥ ከ140 በሚበልጡ ፊልሞች ተጫውቷል። (በዚህ ጽሑፍ የተመለከቱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን እንዲያስተውሉልን እንለምናለን።) ከዚህም ሌላ፣ ጥቁር አሜሪካውያን ራሳቸው ባቋቋሟቸው የመጀመሪያዎቹ የፊልም ኩባንያዎች ታሪክ ውስጥ ከፍ ያለ ስፍራ ያለው ሰው ነው። ታሪኩን ለመስማት የሚያስመኘው የፊልሞቹ ብዛት ብቻ ሳይሆን፣ በእነዚህ በሁለቱ ሥራዎች መካከል የደረሰበት ፈተና ነው።

ኖብል ጆንሰን የተወለደው በ1881 ዓ.ም. በሚዙሪ ክፍለ ሀገር ማርሻል በምትባል ከተማ ነው። ያደገው ግን ቤተሰቡ በተዛወረበት በኮሎራዶ ስፕሪንግስ ነው። አባቱ ፈረስ አሠልጣኝ ስለ ነበር፣ ልጁም ትምህርቱን በጊዜ ትቶ ከአባቱ ጋር በየአገሩ ዞረ፤ ከብትም ጠበቀ፤ ፈረስ በመግራትም ሠለጠነ። በዚያችው ከተማ አብሮት ያደገ ሎን ቼኒ የሚባል ነጭ ልጅ ነበረ። ይህ ልጅ ኋላ በሆሊውድ ፊቱን እየለዋወጠ በመጫወት «ባለ ሺ ፊት ሰው» የሚል የክብር ስም አግኝቷል። ኖብልም እንደዚሁ ብዙ ፊት ነበረው፤ ዳሩ ግን የአንዱ ፊት መለዋወጥ ዝና ሲያስገኝለት፣ የሌላው ፊት መለዋወጥ ስሙን ሸፈነበት። የዚህ ልዩነት ምክንያት ከምን እንደ መጣ ከታሪኩ እንረዳለን።

በ1914 ዓ.ም. ሉቢን የሚባለው የፊልም ኩባንያ በኮሎራዶ ፊልም ሲያነሣ፣ ቀይ ሕንዳዊ ሆኖ ሊጫወት የነበረ አንድ ሰው ተጎዳ። ቁመቱ የረዘመ፣ ደረቱ የሰፋ፣ በፈረስም ላይ እንደ ወንበር የሚቀመጥ ሰው በአስቸኳይ ሲፈለግ ኖብል ጆንሰን ተገኘ። መልኩ ቀላ ያለ ስለ ሆነና በዚያን ጊዜ ፊልም ጥቁርና ነጭ ብቻ ስለ ነበር፣ በትንሽ ቀለም ቅብ ተመልካቹን የየትኛውም አገር ሰው ነኝ ብሎ ለማሳመን የሚችል ሆነ። ከዚህ በኋላ ወደ ሎስ አንጀለስ ሄዶ ዩኒቨርሳል በሚባለው ታላቅ ኩባንያ ሥራ አገኘ።

ይህ በዚህ እንዳለ፣ በ1915 ዓ.ም. የዲ. ደብልዩ. ግሪፊት «የአንድ ሕዝብ ልደት» የተባለው ፊልም ወጣ። ይህ ፊልም በአሠራሩ ጥበብ ብዙ የተደነቀ ቢሆንም፣ ጥቁር አሜሪካውያንን ወንጀለኛና አላዋቂ አድርጎ የሚያሳይ፣ ፊታቸውን ጥቀርሻ በተቀቡ ነጮችም የሚያስቀልድ ነበር። በብዙ ከተሞች የተቃውሞ ሰልፍና አቤቱታ ቢነሣበትም፣ የሚያየው ሰው ከቀን ወደ ቀን እየበዛ ሄደ። እንግዲህ ጥቁሮቹ ከአቤቱታ አልፈው ራሳቸው ስለ ራሳቸው ፊልም መሥራት እንዳለባቸው ያሰቡት በዚህ ጊዜ ነው።

በ1916 ዓ.ም. ኖብል ጆንሰን ከጥቂት ባልንጀሮቹ ጋር ሊንከን የተባለውን የፊልም ኩባንያ በሎስ አንጀለስ አቋቋመ። ፕሬዚዳንቱ ራሱ ሲሆን፣ ከጓደኞቹም መካከል መድኃኒት ቀማሚው ዶክተር ጄምስ ስሚዝና ተዋናዩ ክላረንስ ብሩክስ ይገኙ ነበር። ካሜራውን የያዘው ሃሪ ጋንት የሚባል ነጭ ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንዲሉ፣ እያንዳንዱ የአቅሙን አዋጣ፤ ኖብልም ከዩኒቨርሳል የሚያገኘውን ደመወዝ ለኩባንያው ሥራ አዋለው።

የመጀመሪያው ፊልማቸው «የአንድ ኔግሮ ምኞት መፈጸም» የሚል ነበር። ከተስኪጊ ትምህርት ቤት የተመረቀ አንድ ወጣት ነዳጅ ወደሚቆፈርበት ወደ ካሊፎርንያ ሄዶ ሥራ ሲጠይቅ፣ ስለ ቆዳው ቀለም ይከለከላል። በኋላ ግን ፈረሶቹ የደነበሩበትን ሠረገላ አስቁሞ የኩባንያውን ባለቤት ልጅ ከሞት ስለሚያድን ሥራው ይሰጠዋል። ዕውቀቱንም ይዞ ወደ አገሩ ተመልሶ በአባቱ እርሻ ላይ ነዳጅ ያገኛል። ይህ ታሪክ ለእኛ ቀላል ተረት ሊመስለን ይችላል። ለዚያን ጊዜው ጥቁር ተመልካች ግን በሸራው ላይ የተማረ፣ ንጹሕ ልብስ የለበሰ፣ ሥራውን የሚያውቅ፣ የሚያገባና የሚከበር እርሱን የመሰለ ሰው ማየት እንግዳ ነገር ነበር። ሁለተኛው ፊልም በ1916 ዓ.ም. ካሪሳል በተባለው የሜክሲኮ ስፍራ የተዋጉትን የ10ኛው ፈረሰኛ ጦር ጥቁር ወታደሮች ታሪክ ያሳያል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ፊልሞች ዋናው ባለ ታሪክ ኖብል ጆንሰን ራሱ ነበረ።

ፊልም መሥራት አንድ ነገር ነው፤ ለሕዝብ ማድረስ ደግሞ ሌላ ነው። ይህን ከባድ ሥራ የተሸከመው የኖብል ታናሽ ወንድም ጆርጅ ጆንሰን ነበር። ጆርጅ በኦማሃ ከተማ የፖስታ ቤት ጸሐፊ ነው። የመንግሥት ሥራውን ሳይለቅ፣ በትርፍ ጊዜው ለየሲኒማ ቤቱ ደብዳቤ እየጻፈ፣ ማስታወቂያ እያሳተመ፣ ፊልሙን ከከተማ ወደ ከተማ ያዘዋውር ነበር። ጥቁሮች የሚገቡባቸው ሲኒማ ቤቶች ቁጥራቸው ጥቂት፣ ገቢያቸውም አነስተኛ ስለ ነበር፣ ፊልሙ የተወደደውን ያህል ገንዘብ ሊያስገኝ አልቻለም።

ፈተናው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ጥቁሮች በሚኖሩባቸው ሰፈሮች የሲኒማ ቤት ባለቤቶች የኖብልን ስም በትልቅ ፊደል በራቸው ላይ መለጠፍ ጀመሩ። ተመልካቹም በአንዱ ሲኒማ ቤት ኖብል አሽከር ሆኖ የሚታይበትን የዩኒቨርሳል ፊልም ትቶ፣ በሌላው ኖብል ጀግና ሆኖ ወደሚታይበት ወደ ሊንከን ፊልም ሄደ። ወንድሙ ጆርጅ እንደ መሰከረው፣ ዩኒቨርሳል ይህን ባየ ጊዜ ኖብልን ከሁለቱ አንዱን ምረጥ አለው። በ1918 ዓ.ም. ኖብል ጆንሰን ራሱ ካቋቋመው ኩባንያ ወጣ።

አንባቢ ሆይ፣ በዚህ ስፍራ ለመፍረድ አንቸኩል። ሊንከን ይንቀሳቀስ የነበረው ኖብል ከዩኒቨርሳል በሚያገኘው ደመወዝ ጭምር ነው። ከዩኒቨርሳል ቢወጣ የሚሰጠው ገንዘብ ይደርቃል፤ ከሊንከን ቢወጣ ደግሞ ኩባንያው ፊቱን ያጣል። በየትኛውም መንገድ ቢሄድ ጉዳቱ የሚደርሰው በዚያው በሚወደው ሥራ ላይ ነበር። በደመወዝ የሚተዳደርና ከደመወዙም በላይ የሆነ ሐሳብ በልቡ የያዘ ሰው ሁሉ የዚህን ምርጫ ክብደት ሳይነገረው ያውቀዋል። ባልንጀሮቹ ክላረንስ ብሩክስን ዋና ተዋናይ አድርገው ጥቂት ጊዜ ቢታገሉም፣ በ1921 ዓ.ም. አምስተኛውንና የመጨረሻውን ፊልም አውጥተው ኩባንያው በጥቂት ጊዜ ውስጥ ተዘጋ።

ኖብል ግን በሆሊውድ ሥራው ቀጠለ። ሩዶልፍ ቫለንቲኖ በታወቀበት በ1921 ዓ.ም. ፊልም ከአራቱ የራእይ ፈረሰኞች አንዱን ሆነ። በ1922 ዓ.ም. የሮቢንሰን ክሩሶ አገልጋይ ፍራይዴይ፣ በ1924 ዓ.ም. በዳግላስ ፌርባንክስ «የባግዳድ ሌባ» የህንድ መስፍን፣ በዚያው ዓመት በበስተር ኪተን ፊልም የሰው በላዎች አለቃ ሆኖ ታየ። ፊልም ድምፅ ካወጣ በኋላም አልቀረም። በ1930 ዓ.ም. በ«ሞቢ ዲክ» ዓሣ ነባሪ የሚወጋው ኩዊክዌግ፣ በ1932 ዓ.ም. በቦሪስ ካርሎፍ «ሙሚ» የኑቢያ ሰው ሆነ። በ1933 ዓ.ም. በ«ኪንግ ኮንግ» አንዲቱን ወርቃማ ጠጉር ያላትን ሴት በስድስት የአገሩ ሴቶች ሊለውጥ የጠየቀው የደሴቲቱ አለቃ እርሱ ነው። በ1949 ዓ.ም. በጆን ፎርድ ፊልም ጆን ዌይን የተጋጠመው ባለ ቀይ ሸሚዙ የሕንዶች አለቃም ያው ኖብል ነበር።

ከሁሉ የሚያስገርመው ግን በ1932 ዓ.ም. የሆነው ነገር ነው። «እጅግ አደገኛው አደን» በተባለው ፊልም ኖብል ጆንሰን ፊቱን ነጭ ቀለም ተቀብቶ፣ ጢሙን አንዠርግጎ፣ ኢቫን የሚባል የሩሲያ ኮሳክ ሆኖ ተጫወተ። ነጮች ጥቀርሻ ተቀብተው ጥቁር ነን በሚሉበት ዘመን፣ ጥቁሩ ሰው ነጭ ሆኖ ቀረበ፤ ከተመልካቹም የነቃበት አልነበረም ለማለት ይቻላል። በዚህ ፊልም ኢቫን ቃል አይናገርም፤ ዲዳ ነው። የሰውዬው የሥራ ዘመን ከዚህ በተሻለ በአንድ ምሳሌ ሊገለጽ አይችልም። አረብ፣ ህንዳዊ፣ ቀይ ሕንዳዊ፣ ኑቢያዊና ኮሳክ ሁሉ እንዲሆን ተፈቀደለት። የተማረና የተከበረ ጥቁር አሜሪካዊ ሆኖ ዋና ባለ ታሪክ የሆነው ግን ራሱ ባቋቋመው ኩባንያ ፊልሞች ነበር።

ኖብል ጆንሰን በ1950 ዓ.ም. ከፊልም ሥራ ወጥቶ፣ ከሕዝብ ዓይን ርቆ ኖረ። በ1978 ዓ.ም. በካሊፎርንያ በ96 ዓመቱ ሲሞት፣ የ«ኪንግ ኮንግ»ን አለቃ ያየ በብዙ ሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ስሙን አያውቅም ነበር።

እንግዲህ እኛ ይህን ሁሉ ከየት አወቅነው? የሊንከን ኩባንያ ካወጣቸው አምስት ፊልሞች ዛሬ ተርፎ የሚገኘው ከመጨረሻው ፊልም ጥቂት ደቂቃ የሚሆን ቁራጭ ብቻ ነው። ኖብል ጀግና ሆኖ የታየባቸው ሦስቱ ፊልሞች ጠፍተዋል። አሽከርና አለቃ ሆኖ የታየባቸው ግን በብዛት አሉ፤ ምክንያቱም ታላላቆቹ ኩባንያዎች መጋዘንም ገንዘብም ነበራቸው። የፖስታ ቤቱ ጸሐፊ ጆርጅ ግን የተላከለትን ደብዳቤ፣ የላከውንም ግልባጭ፣ የማስታወቂያውን ወረቀት፣ የገቢና የወጪውን ሒሳብ፣ ከጋዜጣ የቆረጠውን ቁራጭ ሁሉ በየመልኩ እያኖረ በብዙ ዓመት ሰበሰበ። ይህ ስብስብ በሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርንያ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል፤ ስለ ቀድሞው የጥቁሮች ፊልም የሚመራመር ሁሉ ወደዚያ ይሄዳል።

ክቡራን አንባብያን፣ ከእናንተ መካከል ብዙዎች ቀኑን ሙሉ ከደብዳቤና ከመዝገብ ጋር የምትውሉ ናችሁ። ፋይል ማስቀመጥ አሰልቺ ሥራ መስሎ የሚታይበት ጊዜ አለ። አንድ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ግን ወረቀቱን በሥርዓት ስላስቀመጠ፣ ፊልሙ የጠፋበት ወንድሙ ከነሙሉ ክብሩ ተገኘ። ከእንግዲህ አንድ የቆየ ፊልም ለማየት ስትቀመጡ፣ በመጨረሻ የሚያልፈውን የተዋንያን ስም ዝርዝር እስከ ታች ድረስ አንብቡት። ምናልባት ከታች፣ በደቂቁ ፊደል፣ ኖብል ጆንሰን የሚል ታገኙ ይሆናል።