ባትሪም ማሰሻ ይፈልጋል

አዲ አርቃይ ላይ እንጀራ የሚጋግር ሁሉ ያውቃል፤ ምጣዱ ካልታሰሰ ሊጡ ይጣበቃል። ባትሪም እንዲሁ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1980 ጆን ጉዲናፍና ባልደረቦቹ ኦክስፎርድ ውስጥ ሊቲየም ኮባልት ኦክሳይድን ለባትሪ አበቁ፤ በ1991 ሶኒ ባትሪውን ገበያ አወጣው። ስልካችሁ የሚሠራው በዚሁ ዘር ነው። ችግሩ፣ ሊቲየም የሚመላለስበት ፈሳሽ ተቀጣጣይ ነው። ታዲያ በጠጣር ለምን አይተካም?

ተሞከረ። ግን ቮልቴጁ ከፍ ሲል፣ ድኝ ያለበት ጠጣር ከኦክሳይዱ ጋር በሚነካካበት ድንበር ላይ ይበላሻል፤ የሊቲየሙም መንገድ ይጠብባል። በ2006 የጃፓን ተመራማሪዎች መላ አቀረቡ፦ የኦክሳይዱን ቅንጣቶች በናኖሜትር በሚለካ ስስ ሽፋን ለበጧቸው። ሊቲየም ያልፋል፣ ሁለቱ ጠጣሮች ግን አይነካኩም፤ ልክ እንደ ማሰሻው!

ዛሬም ትግሉ እዚሁ ድንበር ላይ ነው፤ ቮልቴጅ በጨመረ ቁጥር ሽፋኑ ራሱ መቻል አለበት።