ሶማሌ ተራ እና ቶንጎ፦ የአሮጌ ላንድክሩዘር ታሪክ

አዲስ አበባ ላይ መኪና በሞዴሉ ይከበራል። ቶንጎ ላይ ሌላ ጥያቄ ይቀድማል፦ ይወጣል ወይስ አይወጣም?

ቶንጎ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል የማኦ ኮሞ ልዩ ወረዳ መቀመጫ ናት። ከአሶሳ በባምባሲ በኩል ወደ ደቡብ ተወርዶ ይደረስባታል። ከዋናው መንገድ ወጣ ተብሎ ወደ ገጠር ቀበሌዎቹ ሲታጠፍ፣ በተለይ ክረምት ሲከብድ፣ የመኪና ዓይነት በራሱ ጊዜ ይመረጣል። ጭቃውን አልፎ የሚሄደው ብዙውን ጊዜ ዕድሜው ሃያና ሠላሳ ዓመት የሆነው፣ ቀለሙ የለቀቀው፣ ግማሽ አካሉ ከሌላ መኪና የመጣው ላንድክሩዘር ነው።

ይህ መኪና እንዴት እስከዛሬ ቆየ ቢባል ብዙ ሰው «ቶዮታ ጠንካራ ነው» ብሎ ያልፋል። መልሱ ግን ግማሽ ነው። አሮጌ መኪና ጠረፍ ላይ በሕይወት የሚቆየው መለዋወጫ የሚያገኝለት ነጋዴና መልሶ የሚገጥመው መካኒክ ስላለ ነው። ይህ ሰንሰለት በአንድ ቀን አልተሠራም። ከመቶ ዓመት በላይ የወሰደ ታሪክ አለው፤ ዛሬ ደግሞ እየተፈተነ ነው።

*ከበቅሎ ወደ ጋራዥ*

የመጀመሪያዎቹ አውቶሞቢሎች በ1900 ዓ.ም. ገደማ ለዐፄ ምኒልክ ሲመጡ የመኪና መንገድ የሚባል ነገር በአገሩ አልነበረም ማለት ይቻላል። ምዕራቡ ጠረፍ ደግሞ የበቅሎ፣ የአህያና የእግረኛ ነጋዴ አገር ነበር። የቤኒሻንጉል ወርቅም ሆነ ሌላው ሸቀጥ ወደ ሱዳንና ወደ መሀል አገር የሚጓዘው በዚሁ ነው።

የጣልያን ወረራ አምስት ዓመት ቆይቶ ሄደ፤ ጋራዡ ውስጥ ግን ቋንቋውን ትቶ ሄደ። የኢትዮጵያ መካኒክ አፍ ላይ ያሉትን ቃላት ማዳመጥ ይበቃል፦ ጎማ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ቴስታታ፣ ኩሽኔታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ካንዴላ፣ ፖምፓ፣ ፍሬቻ። እንግሊዝኛ አንብቦ የማያውቅ፣ ጣልያንም አይቶ የማያውቅ ወጣት ረዳት ዛሬም በእነዚህ ቃላት ዕቃ ይጠራል። ሙያው ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እጅ፣ ከአለቃ ወደ ረዳት እየተላለፈ ለመምጣቱ ከዚህ የበለጠ ምስክር የለም።

ጦርነቱም ለጠረፉ የራሱን ምልክት ጥሎለታል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1941 በሱዳን በኩል የመጣው የቤልጅየም ኮንጎ ጦር አሶሳን ከጣልያኖች አስለቀቀ። ነገር ግን የዝናቡ ወቅት ሲቃረብ ስንቅና ጥይት ማድረስ ለሁሉም ወገን ፈተና ሆነ። ጠመንጃ ያለው ሁሉ አያሸንፍም፤ ጠረፍ ላይ የሚያሸንፈው ስንቁን በጭቃ ላይ ማሳለፍ የቻለ ነው።

*የላንድሮቨር ዘመን*

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዓለም ከአሜሪካኑ ጂፕ አንድ ነገር ተማረ፦ አራቱም ጎማ ኃይል ካገኘ መኪና መንገድ አይጠብቅም። እንግሊዞች ይህን ይዘው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 30 ቀን 1948 አምስተርዳም ላይ ላንድሮቨርን ለሕዝብ አሳዩ። ብረት በራሽን ይታደል ስለነበረ አካሉ ከአሉሚኒየም ቅይጥ ተሠራ፤ ይህ ችግር የወለደው ዘዴ መኪናውን ከዝገት አዳነው።

በኢትዮጵያ ደግሞ ከዓለም ባንክ በተገኘ ብድር እየታገዘ የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት በ1943 ዓ.ም. ተቋቋመ። አውራ ጎዳናው ግን የሚደርሰው ጥቂት ቦታ ነበር። ከአስፋልቱ ጫፍ ወዲያ ያለው የመንግሥት ሥራ በላንድሮቨርና በመሰሎቹ ተያዘ፦ ፖሊስ፣ የአውራጃ አስተዳደር፣ የወባ ማጥፊያ ድርጅት። ከ1963 ዓ.ም. ጀምሮ ፈንጣጣን ለማጥፋት የዘመቱት ቡድኖችም የሚያውቁት ሐቅ አለ፦ መኪናው የሚሄደው እስከሚችለው ድረስ ነው፤ ከዚያ ወዲያ በበቅሎና በእግር። በ1968 ዓ.ም. መጨረሻ የአገሪቱ የመጨረሻው የፈንጣጣ ታማሚ የተገኘው በዚህ ዓይነት ልፋት ነው።

ላንድሮቨር ግን ደካማ ጎን ነበረው። የኋላ ጎማ የሚያዞረው ዘንግ ጭነት ሲበዛበት የመሰበር ጠባይ ነበረው። ዘንጉ መሰበሩ ብቻውን መኪናውን አይገድለውም፤ የሚገድለው ምትኩን እስኪመጣ መጠበቅ ነው። አንድ ዘንግ የጎደለው መኪና ወር ከቆመ፣ ሁለት ወር ከቆመ፣ ሌላው ከሱ ላይ ባትሪ ይፈታል፣ ቀጥሎ ጎማ፣ ቀጥሎ ራዲያተር። በየመሥሪያ ቤቱ ግቢ ሣር የበቀለባቸው መኪኖች ታሪክ ይኸው ነው።

*ኅዳር 1977*

ቶዮታ «ላንድክሩዘር» የሚለውን ስም የያዘው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። ዓለምን ያዳረሰው 40 ሲሪስ በ1960 ወጣ። የሱ ምትክ የሆነው 70 ሲሪስ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በኅዳር 1984 ነበር።

ይህ ወር ለኢትዮጵያ ምን ማለት እንደሆነ የሚያስታውስ ያስታውሰዋል። የ1977 ዓ.ም. ረሃብ ነው። በዚያው ኅዳር ደርግ ሰፊውን የሰፈራ ፕሮግራም አወጀ፤ ከወሎና ከሌሎች በድርቅ ከተመቱ አካባቢዎች የተነሳው ሕዝብ ከተወሰደባቸው ቦታዎች አንዱ በያኔው አጠራር ወለጋ ክፍለ ሀገር ውስጥ የነበረው አሶሳ ነው። እህልና መድኃኒት ይዘው ከመጡት የዕርዳታ ድርጅቶች ጋር ነጭ ላንድክሩዘር የገጠሬው ዓይን የለመደው መኪና ሆነ።

ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ1990 የመጣው 4.2 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር የናፍታ ሞተር፣ መካኒኮች «ዋን ኤች ዜድ» የሚሉት፣ ነገሩን ቆረጠው። ተርቦ የለውም፣ ኮምፒውተር የለውም፤ ናፍታውን የሚረጨው ፖምፓ በሜካኒክ ኃይል የሚሠራ ነው። ፈጣን አይደለም። ግን ቢበላሽ በጆሮና በመፍቻ ይመረመራል። ለጠረፍ ከዚህ የበለጠ ቅንጦት የለም። ይህንኑ ሞተር የጫነው ሃርድቶፕ ኋላ የየወረዳው አምቡላንስ ሆኖ ስንቱን ወላድ አደረሰ።

*ሶማሌ ተራ*

መኪናው ከጃፓን መጣ፤ ዕድሜውን የሰጠው ግን መርካቶ ነው። ሶማሌ ተራ ለአሥርት ዓመታት የአገሪቱ አሮጌ መኪኖች ደም ሥር ሆኖ ኖሯል። የተጋጨ መኪና ይፈርስና ቴስታታው ለአንዱ፣ ካምቢዮው ለሌላው ይሄዳል። ሰፈሩ ስሙ በክፉም ይነሳል፤ «ስፖኪዮህ ከጠፋ ሂድና እዚያ ግዛው» የሚለው የአዲስ አበቤ ቀልድ ያለምክንያት አልመጣም። ነገር ግን ከስድስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ አሶሳ ላይ የቆመ መኪና ባለቤት ስልክ የሚደውለው ወደዚያው ነው።

ዕቃ መሰብሰብ ራሱን የቻለ ዕውቀት ይጠይቃል። አንድ ምሳሌ ይበቃል። የድሮዎቹ ላንድክሩዘሮች ቸርኬ በ6 ብሎን ይታሰራል። እ.ኤ.አ. በ1999 ቶዮታ የሃርድቶፑንና የፒክአፑን የፊት ባሌስትራ በሞላ ሲቀይር፣ ቸርኬውንም ባለ 5 ብሎን አደረገው። ይህን የማያውቅ ሰው በርካሽ አራት ቸርኬ ገዝቶ በአይሱዙ ጭኖ አሶሳ ካደረሰ በኋላ ነው የሚባንነው። በአንጻሩ ብዙ ዓመት ሳይለወጡ የቆዩ ዕቃዎች ከአንዱ ሞዴል ወደ ሌላው ይገጥማሉ፤ ሦስት አሮጌ መኪና አፍርሶ አንድ ደህና መኪና ማቆም የሚቻለውም በዚህ ነው። ካርቶኑ ኦሪጅናል፣ ውስጡ አስመስሎ የተሠራ ኩሽኔታ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

አሮጌውን መኪና ለጭቃ ማዘጋጀትም ቅደም ተከተል አለው። ከተማ ያለ ወጣት በፖርቶመጋላና በመብራት ይጀምራል። የጠረፍ መካኒክ ከታች ይጀምራል፦ የፊት ጎማ ኩሽኔታ፣ የዘንግ መገጣጠሚያው ክሮቼራ፣ ፍሬን፣ የራዲያተር ጎማዎች፣ ጊዜው ያለፈበት የሞተር ቺንጊያ። ያረጀውን ሳያድሱ አዲስ መጨመር በበሰበሰ ምሰሶ ላይ ቆርቆሮ መምታት ነው።

ከዚያ ጭማሪው ይመጣል። ዲፈረንሻል በባሕርይው ኃይሉን በቀላሉ ወደሚሽከረከረው ጎማ ይሰጣል፤ አንዱ ጎማ ጭቃ ውስጥ ሲዋልል ደረቅ መሬት የያዘው ቆሞ ያያል። መቆለፊያ ሲገጠምለት ሁለቱም እኩል ይገፋሉ። ከሞተሩ ተነስቶ በመስታወቱ ጎን ወደ ጣሪያ የሚወጣው የአየር ቱቦም ጌጥ አይደለም። ውሃ እንደ አየር አይታመቅም፤ ወንዝ መሀል ውሃ የዋጠ የናፍታ ሞተር ቢዬላው ይጣመማል፣ ያ ሞተርም አለቀለት። የዲፈረንሻሉ መተንፈሻ ቱቦ ከፍ ካልተደረገ ደግሞ የጋለው ብረት ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ውሃውን ወደ ዘይቱ ይስባል። ባሌስትራ መጨመር መኪናውን ከፍ ያደርገዋል፤ ሲበዛ ግን ያደርቀዋል፣ መገልበጥንም ይጋብዛል። ጎማም እንዲሁ ነው። ሰፊና የሚያምር ጎማ ካላማዳሪ የሌለው ነው፤ ቀጭኑ 7.50 በ16 ግን ካላማዳሪው የትኛውም መንደር ተለጥፎ ይነዳል።

*ጥር 2014*

ይህ ሁሉ የመኪና ወዳጆች ጨዋታ የሚመስለው ካለ ቶንጎን ያስብ። እ.ኤ.አ. በ2011 በሱዳን ብሉ ናይል ግዛት ጦርነት ሲነሳ ስደተኞች በኩርሙክ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ጎረፉ፤ ከተከፈቱላቸው መጠለያዎች አንዱ ቶንጎ ነበር። ውሃው፣ እህሉ፣ መድኃኒቱ፣ ታማሚው፣ ሁሉም የሚጓዘው በእነዚሁ መኪኖችና በጭነት መኪኖች ነው።

ጥር 10 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ የከተራ ዕለት፣ በታጣቂዎችና በመንግሥት ኃይሎች መካከል ውጊያ ተነሳ፤ የቶንጎ መጠለያ ተዘረፈ፣ ተቃጠለ። ከሦስት ሳምንት ገደማ በፊት የጉሬ ሸምቦላ መጠለያም ተመሳሳይ ዕጣ ደርሶበት ነበር። ከሁለቱ መጠለያዎች ከ20 ሺህ በላይ ስደተኛ ተፈናቀለ፤ ብዙው በእግሩ ነው የሸሸው። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በካማሺና በምዕራብ ወለጋ በተነሳው ግጭት አሶሳን ከመሀል አገር የሚያገናኘው መንገድ ደጋግሞ ተቋርጧል። መንገድ ሲዘጋ መለዋወጫም ይቆማል። መለዋወጫ ሲቆም አምቡላንሱ ይቆማል። አምቡላንሱ ሲቆም ማን እንደሚሞት ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

*ዛሬስ?*

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ መኪናው ባረጀ ቁጥር ታክሱ ከፍ ይላል። በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ። በሐምሌ 2016 ብር በገበያ እንዲተመን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ ከውጭ የሚመጣ ኩሽኔታም አብሮ ወጣ።

ለእነዚህ ውሳኔዎች ምክንያት የለም ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። ነዳጅ የአገሪቱን ዶላር ይበላል፣ አሮጌ መኪና ያጨሳል፣ ኤሌክትሪክ ግን የራሳችን ነው። ያ ኤሌክትሪክ ከየት እንደሚመነጭ ግን ይታሰብ፦ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጉባ ላይ፣ ቶንጎ ባለችበት በዚያው ክልል ነው። የኃይል መሙያ ጣቢያዎቹ በብዛት ያሉት ደግሞ አዲስ አበባና ጥቂት ትልልቅ ከተሞች ውስጥ ነው። የከተማው ሰው ወደ ኤሌክትሪክ መኪና ይሸጋገር ይሆናል፤ የማኦ ኮሞ ገጠር ግን ገና ለብዙ ክረምት በአሮጌው ናፍታ ነው የሚኖረው።

ስለዚህ ፖሊሲው አዲስ መኪና እንዳይገባ ከወሰነ፣ ያለው እንዲቆይ የማድረግ ዕዳም አለበት። ለአምቡላንስና ለጠረፍ አገልግሎት የሚውል መለዋወጫ እንደ ቅንጦት ዕቃ መታየት የለበትም። አሶሳ ላይ የዕቃ መጋዘንና የሠለጠነ መካኒክ መኖሩ፣ ለአንድ ክሮቼራ አዲስ አበባ ድረስ ከመላክ በብዙ ይረክሳል። በጆሮው ሞተር የሚያዳምጠው የድሮ መካኒክ ደግሞ እያረጀ ነው፤ የያዘው ዕውቀት የተጻፈበት መጽሐፍ የለም። ረዳት ካልተተካለት አብሮት ይቀበራል።

ላንድሮቨሮቹን ሣር ያበቀለባቸው አንድ ዘንግ ነበር። ላንድክሩዘሮቹን በየወረዳው ግቢ ለማቆም ከዚያ የበለጠ ነገር አያስፈልግም።