የሕዋሳት ጉዞና የጉልበታቸው ምንጭ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1882 በኢጣልያ በሜሲና ከተማ ይሠራ የነበረው የሩሲያው ሊቅ ኢልያ ሜችኒኮፍ፣ ብርሃን በሚያሳልፉ የባሕር ኮከብ እጮች ገላ ውስጥ የጽጌረዳ እሾህ ሰካ። በማግሥቱ ሲመለከት ተንቀሳቃሽ ሕዋሳት እሾሁን ከብበውት አገኘ። በሰውነት መከላከያ ላይ ላደረገው ምርምር በ1908 ከጀርመናዊው ፓውል ኤርሊክ ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። ሆኖም ሕዋሱ ለጉዞው ጉልበት ከየት እንደሚያገኝ በጊዜው አልታወቀም።

ለመልሱ መንገድ የጠረጉት ጡንቻን የመረመሩ ሊቃውንት ናቸው። በ1929 ካርል ሎማን የሕዋስ ነዳጅ የሆነውን ኤ.ቲ.ፒ. ከጡንቻ አወጣ። በ1939 ሶቪየታውያኑ ኤንገልሃርትና ሊዩቢሞቫ ማዮሲን የተባለው ፕሮቲን ይህን ነዳጅ እንደሚሰብር አሳዩ። በ1942 በሃንጋሪ፣ በሴገድ ከተማ፣ በአልበርት ሴንት ጆርጂ ቤተ ሙከራ ብሩኖ ሽትራውብ አክቲንን ለየ። በ1966 ደግሞ ጃፓናውያኑ ሃታኖና ኦሳዋ አክቲንን ጡንቻ ከሌለው ሻጋታ መሰል ፍጡር አወጡ። በዚህም አክቲን የጡንቻ ብቻ ሀብት አለመሆኑ ተረጋገጠ። ዛሬ እንደሚታወቀው፣ ተጓዥ ሕዋስ የአክቲን ክሮችን በፊቱ በኩል እየገነባ የገዛ ሽፋኑን ወደፊት ይገፋል፤ ለዚህም ሥራ ኤ.ቲ.ፒ. ያቃጥላል።

ይሁን እንጂ የአካል ክፍሎችን የሚለያየው ስስ ነገር ግን ጠንካራ ንጣፍ ለተጓዡ ሕዋስ ግንብ ነው። ነቀርሳ ይህን ግንብ የሚጥሰው በሚያሟሙ ኢንዛይሞች ነው ተብሎ ስለታመነ፣ በ1990ዎቹ ኢንዛይሞቹን የሚያግዱ መድኃኒቶች በሕሙማን ላይ ተሞከሩ፤ የተጠበቀውን ያህል ግን አልፈወሱም።

የዚህ ምክንያት አንዱ ገጽታ በ1 ሚሊ ሜትር ትል ላይ ታየ። በአሜሪካ በዱክ ዩኒቨርሲቲ የዴቪድ ሼርዉድ የምርምር ቡድን ንጣፉን ጥሶ በሚያልፈው የትሉ ሕዋስ የሚገኙትን እነዚህን ኢንዛይሞች አስወገደ። በ2019 በታተመው ውጤት መሠረት፣ ሕዋሱ ዘገየ እንጂ አልቆመም። አክቲኑን አበዛ፤ ኤ.ቲ.ፒ. የሚያመርቱትን ሚቶኮንድሪያም በሚጥሰው ስፍራ አከማቸ። በ2022 የታተመው ጥናት ደግሞ ግሉኮስ የሚያስገቡ በሮች እዚያው እንደሚሰበሰቡ አመለከተ።

እንግዲህ ሕዋስ መሣሪያው ቢወሰድበት በጉልበቱ ይተካል፤ ጉልበቱንም ከሚፈለግበት ስፍራ ያመርታል። የነቀርሳን ሥርጭት ለመግታት የሚነሣ ሐኪም ስንቁንም መመልከት ይኖርበታል። ነገር ግን ሜችኒኮፍ ያያቸው ጠባቂ ሕዋሳት የሚጓዙትም በኤ.ቲ.ፒ. ነውና፣ ወራሪውን ሲያስርብ ዘበኛውን እንዳያስርብ መጠንቀቅ አለበት።